ሱቅ ላይ የሚቆም ሰው ሁሉ ደሞዝ አለው

በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ፣ በከርክጌት ገበያ አዳራሽ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የበርበሬ፣ የሽሮና የቡና ሱቅ ከከፈትን ወዲህ ከማንችስተርም ከሼፊልድም የሚደውሉልን ወገኖች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ያዋጣል ወይ?» እኔም መልሼ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ሱቁ ላይ የሚቆመው ማን ነው? ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው እየተፈራረቁ በነጻ ከቆሙማ የማያዋጣ ሱቅ የት አለ?

ይህን ያስተማሩኝ ሥጋ ቤቶቹ በተደረደሩበት መተላለፊያ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሱቁን ከአባታቸው የወረሱ ሰው ናቸው። የኪራይ ውሉን ከመፈረማችን በፊት የወጪ ዝርዝራችንን ይዤላቸው ሄድኩ። ቢላዋቸውን ጠርገው አስቀመጡና መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት፤ ኪራይ፣ መብራት፣ መድን፣ ዕቃ። «ያንቺ ደሞዝ የታለ?» አሉኝ። ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ። «እኛው ለእኛው?»

ሳቁ መሠረት ነበረው። የአገሩ ሕግ ራሱ ከአሠሪው ጋር በአንድ ቤት ለሚኖርና በንግዱ ለሚሳተፍ የቤተሰብ አባል ዝቅተኛውን ደሞዝ ክፈሉ ብሎ አያስገድድም። እኛ ግን መዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ከፍተን ማን ስንት ሰዓት እንደቆመ ጻፍን፤ በደሞዙ ወለልም አባዛነው። በኤፕሪል 2025 ወለሉ ከ21 ዓመት ጀምሮ ላሉ ሠራተኞች በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሲሆን የእኛም ዓምድ አብሮ ከፍ አለ። ገንዘቡን ሁልጊዜ አልወሰድነውም። ቁጥሩ ግን አይዋሽም፤ የሰኞ ጠዋት ትርፍ የአንድ ሰው ደሞዝ እንኳ እንደማይሸፍን ያሳየን እሱ ነው። ስለዚህ ሰኞን ለአንድ ሰው ብቻ ተውነው፤ ያም ሰው ገበያተኛ በሌለበት ሰዓት ይመዝናል፣ ያሽጋል፣ ዝርዝር ይለጥፋል።

ዝርዝር መለጠፉ እንደ ትርፍ ሥራ አይታይ። ከኦክቶበር 2021 ጀምሮ እዚያው ሱቅ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ምን ምን እንደገባበት ሙሉ ዝርዝሩ ሊጻፍበት፣ አለርጂ የሚያስነሱት 14 ዓይነቶችም ጎልተው ሊታዩበት ይገባል። የበሶ ገብስ፣ ሰናፍጭ፣ ሰሊጥ፣ ሁሉም ከ14ቱ ናቸው። የምግብ ንግዱንም ሱቁ ከመከፈቱ 28 ቀን አስቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ምዝገባው ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

ዕቃውን ሁሉ ከአገር ቤት እናመጣለን ብለው የሚያስቡ አሉ። አብሽ፣ እርድ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ይህ ሁሉ ብራድፎርድ ካሉት የፓኪስታንና የህንድ ጅምላ ሻጮች ዘንድ ሞልቷል፤ በመኪና ቅርብ ነው። ከሩቅ የምናስመጣው በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና ጤፍ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ምስሩ ከበርበሬው እኩል ይሮጣል።

የወገን ገበያተኛ ቅዳሜን ይሞላል እንጂ ሳምንቱን አይሞላም። ማክሰኞና ረቡዕ የሚመጡት የዚሁ የዮርክሻየር አካባቢ አረጋውያን ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የማያውቁትን ነገር ዋጋ መጠየቅ ያፍራሉ። በዚሁ ገበያ በ1884 ማይክል ማርክስ የተባለው ስደተኛ አይሁዳዊ ለዚህ መላ ነበረው፤ ዕቃውን በአንድ ፔኒ ዘርግቶ «ዋጋ አትጠይቁ፤ አንድ ፔኒ ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር የተባለው ትልቁ የእንግሊዝ የመደብር ድርጅት የበቀለው ከዚያ ነው። እኛም ሽሮውንና ምስሩን በትናንሽ ከረጢት አድርገን አንድ ፓውንድ የሚል ካርቶን አቆምንበት፤ አሠራሩን በአራት መስመር ጽፈን ከውስጥ ከተትን። አንዲት እናት ዛሬም በድሮው የክብደት መለኪያ «ሩብ ፓውንድ ምስር» ብለው ያዙኛል። ሚዛኑ በሕግ በግራም ነው የሚሠራው፤ 113 ግራም እሰፍርላቸዋለሁ፤ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እየነገሩኝ። ያቺ ወሬ ጊዜ ትወስዳለች፣ እሷም በዓምዱ ውስጥ ተቆጥራለች። ግን ከእሳቸው በኋላ እህታቸው መጡ፤ ከእህታቸው በኋላ የእህታቸው ጎረቤት።

ልጃችን ተማሪ ሳለች ቅዳሜ ቅዳሜ ትረዳን ነበር። ከግዴታ ትምህርት ዕድሜ ያልወጣ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ፣ ማታም ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ መሥራት አይችልም፤ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድም ያስፈልገዋል። የወላጅ ሱቅ ነው ተብሎ አይታለፍም። የእሷን ድርሻ በስሟ ባንክ እናስቀምጥ ነበር፤ ባለቤቴ በዚህ እንኳ አልሳቀም።

ባለፈው ዓመት ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ገባች። ብዙ የቤተሰብ ሱቅ የሚዘጋው እንዲህ ያለ ቀን ላይ ነው፤ ልጁ ሲሄድ በነጻ የሚሠራው እጅ ይጎድላል፣ ሰው ለመቅጠርም ሒሳቡ አይፈቅድም። እኛ የቅዳሜውን ሰዓት ለአንዲት የሰፈራችን ልጅ ሰጠናት። የልጃችን ሰዓት ድሮም በዓምዱ ተቆጥሮ ስለነበር፣ ከእሷ ደሞዝ የተነሳ የወሩ ወጪ ትንሽ ከፍ ያለው ዕድሜዋ ከልጃችን ስለሚበልጥ ብቻ ነው፤ የደሞዙ ወለል በዕድሜ ይለያያልና።