የራስ ገላ፣ የሌላ ሕዝብ ሥርዓት

ሮላንድ ሉሚስ በ1930 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ በአበርዲን ከተማ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ በመጽሔት ላይ ያያቸውን የሩቅ ሕዝቦች ልማዶች በገዛ ገላው ላይ በምሥጢር ሲሞክር ኖሮ፣ በ1970ዎቹ ፋኪር ሙሳፋር በሚል ስም አደባባይ ወጣ። ደረቱን በመንጠቆ አስበስቶ ይንጠለጠል፣ ወገቡን በጠባብ መታጠቂያ ያጠብቅ ነበር፤ የእርሱን መንገድ የሚከተሉትንም «ዘመናዊ ጥንታውያን» አላቸው። በ1989 በሳን ፍራንሲስኮ በዚሁ ስም የታተመ የቃለ መጠይቅ መጽሐፍ እንቅስቃሴውን በሰፊው አሳወቀ።

የተከታዮቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የኢንዱስትሪው ኅብረተሰብ ወጣቱን ያለ አንዳች ሥርዓት ወደ ጉልምስና ይገፋዋል፤ ስለዚህ ገላን መብሳት፣ መነቀስና መተልተል የራስን አካል ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመንግሥትና ከገበያ እጅ ማስመለሻ ነው ይላሉ። ጥቃት የደረሰባቸው አንዳንድ ሴቶችም በዚህ መንገድ ገላቸው እንደገና የራሳቸው እንደሆነ ተሰምቷቸዋል፤ ይህን ለመንቀፍ ድፍረቱ የለኝም።

እኔን የሚከነክነኝ ልማዱ ሲወሰድ ከኋላ የተተወው ነው። በደቡብ ኦሞ የሙርሲ ልጃገረድ የታች ከንፈሯ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ሲበሳ፣ የምትበሳት እናቷ ወይም ሌላ የመንደሯ ሴት ናት፤ ቀዳዳው ቀስ በቀስ እየሰፋ ሸክላ እስኪይዝ ድረስም የልጅቷን ለአካለ መጠን መድረስ አካባቢዋ ሁሉ ያውቀዋል። ጆሮውን በከተማ ሱቅ ያሰፋው ወጣት ግን ገንዘቡን ከፍሎ ብቻውን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገሩ የሚከብደው ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በላኮታዎች ዘንድ ነው። በፀሐይ ጭፈራ ሥርዓታቸው ጨፋሪው ይጾማል፤ ደረቱ ተበስቶ በመሃል ከቆመው ዛፍ ጋር በገመድ ይታሰርና ሥጋው እስኪበጠስ ድረስ ይጎትታል፤ ሥጋውን የሚሰጠውም ለታመሙ ዘመዶቹና ለሕዝቡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሥርዓት በ1883 ከልክሎ ስለነበር ለአሥርተ ዓመታት በድብቅ ኖሯል፤ የአገሬውን ሕዝቦች የሃይማኖት ነፃነት የሚጠብቀው ሕግ የወጣው ገና በ1978 ነበር። ሉሚስ ይህንኑ ሥርዓት በራሱ መንገድ ሲፈጽም የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ከዚያ በሰባት ዓመቱ በ1985 ለሕዝብ ቀረበ። አያቶች ሲቀጡበት የኖሩት ነገር ለሌላው የነፃነት መግለጫ ሲሆን ማየት የላኮታን ልጆች ለምን እንዳስቆጣ ለመረዳት አያዳግትም።

የማንዳኖች፣ የሌሎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። ሠዓሊው ጆርጅ ካትሊን በ1832 ወጣቶቻቸው በኦኪፓ ሥርዓት ከጎጆ ጣሪያ ተንጠልጥለው አይቶ ሣላቸው፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ፈንጣጣ ገብቶ ሕዝቡን ሊያጠፋው ትንሽ ቀረው። መንጠልጠልን የወደዱ ነጮች ሥዕሉን እንደ መመሪያ ሲያዩት፣ ስለ ፈንጣጣው ሲነሳ ግን እምብዛም አልሰማሁም።

በ1993 የላኮታ፣ የዳኮታና የናኮታ ተወላጆች መንፈሳዊ ሥርዓታቸውን በሚኮርጁና በሚነግዱበት ላይ «የጦርነት አዋጅ» ያሉትን መግለጫ አወጡ፤ የፀሐይ ጭፈራን አስመስለው የሚያዘጋጁ የውጭ ሰዎችም በዚያ ውስጥ ተወግዘዋል።