ጋሜዋ አሻንጉሊት

የበግ ጠጉር በመርፌ እየወጋሁ የምሠራት አሻንጉሊት ፊቷ ምንም ቀለም ሳይነካው ጠይም ሆነ። ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ ይሄ ነው። ጠጉሩ ከጮቄ ተራራ ሥር ካለ ዘመድ ቤት የመጣ ነው፤ ቡናማነቱ የበጉ የራሱ መልክ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ሱቅ ውስጥ ያየኋቸው አሻንጉሊቶች ጠጉራቸው ቢጫ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። እኔ ደግሞ የእህቴ ልጅ እሷን የምትመስል እንድታቅፍ ፈለግሁ።

ሁሉም በግ ለዚህ አይሆንም። ዋሸራ የሚባለው የጎጃም በግ ጠጉሩ አጭርና ልሙጥ ነው። የሚፈለገው ባና፣ ያ ወፍራም የጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራበት፣ ረዘም ሻከር ያለው የደጋ በግ ጠጉር ነው።

ሲመጣ ቅባትና ጭቃ ነበረበት። ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፈዘፍኩት እንጂ አላሸሁትም። የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀት፣ ሳሙናና እሽታ አንድ ላይ ካገኙት እርስ በርሱ ተያይዞ እዚያው ይቀራል። ከደረቀ በኋላ አያቴ በደጋን ነደፈችልኝ። ብን ብሎ ሲነሳ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የምወጋባቸውን መርፌዎች ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ላከችልኝ። ቀዳዳ የላቸውም፣ ክርም አያውቁም። ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን ጥርስ አለ። መርፌው ሲገባ የላዩን ጠጉር እየጎተተ ያስገባል፣ ሲወጣ እዚያው ጥሎት ይመጣል። እንዲህ ሲደጋገም ለስላሳው ይጠጥራል። ዱሮ የፋብሪካ ማሽን መርፌ ነበር። በእጅ ይዘው ቅርጽ ማውጣት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ነው። መርፌዎቹ በውፍረት ቁጥር ይለያሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። በ36 ገላዋን አጠነከርኩ፣ አፍንጫና ከንፈሯን በ40 አወጣሁ።

አያቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «ጠጉር ይነደፋል፣ ይፈተላል። ይወጋል እንዴ አንቺ?» አለችኝ።

«ይወጋል እምዬ፣ እይው» አልኳት።

ቁራጭ ስፖንጅ ላይ አስቀምጬ ቀጥ አድርጌ እወጋለሁ፣ ቀጥ አድርጌ አወጣለሁ። ውስጥ እያለ ካጣመሙት ይሰበራል። ጠጉሩ በተወጋ ቁጥር ስለሚያንስ ከሚፈለገው አብዝቶ መጀመር ነው። እጅና እግሯን ለየብቻ ሠራሁ። ጫፋቸውን ሳልወጋ ተውኩት፤ ከገላዋ ጋር የሚያያዙት በዚያ ነው። ዓይኗን ዶቃ አላደረግሁም፤ ሕፃን ነቅሎ ሊውጠው ይችላል። ከጥቁር ጠጉር ቆንጥሬ ወጋሁላት።

ወደ ራሷ ስንደርስ አያቴ ሥራውን የራሷ አደረገችው። ጋሜ እንድትሆን ወስነን ነበር፤ አናቷ የተላጨ፣ ዙሪያው ጠጉር። «ኧረ ሰፋ! ጠበብ አድርጊው። እናቴ እኔን ስትላጨኝ እዚህ ድረስ አልነበረም» እያለች በጣቷ ታሳየኛለች። የላይኛውን ነቅዬ እንደገና ወጋሁት። አያቴ ልጅ ሆና ምን ትመስል እንደነበር ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፎቶ የላትም። ስለ እናቷ እጅ፣ ስለ ምላጩ፣ ቅቤ ስለ መቀባቱ አወራችኝ። ብዙውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ለልብሷ ነጩን ጠጉር በስሱ አለበስኳት። ጨረስኩ ብዬ ሳቀብላት አያቴ ግን አንገቷን ይዛ ወዘወዘቻት።

«ይሄን አጠንክሪው፤ ልጅ የሚጎትተው በአንገት ነው።»

ትክክል ናት። ዙሪያውን ጠጉር ጨምሬ እየወጋሁት ነው።