«ኧረ አመለጠኝ!»

ትናንት ማታ ቴሌስኮፔን አውጥቼ ጁፒተር ላይ አነጣጠርኩ። የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን አስጠጋች። ዝም አለች። ከዚያ «አጠገቡ የተደረደሩት ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?» አለችኝ። ጨረቃዎቹ ናቸው አልኳት፤ ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ያያቸው አራቱ ራሳቸው።

ትንሽ ቆይታ «ኧረ አመለጠኝ! ወደ ጎን ሮጠ!»

የሆነ ነገር የነካች መስሏት ደነገጠች። ምንም አልነካችም። ጁፒተርም አልሮጠም። መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ መቶ ጊዜ በሚያጎላ ቴሌስኮፕ ሲታይ ያ ዝግታ ሩጫ ይሆናል።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰማይ ላይ አፍጥጬ የኖርኩ ሰው፣ ይሄን ማምለጥ እንደ ጣጣ ነበር የማየው። እንዲያውም ኮከብ የሚከተል ባለሞተር ማቆሚያ ልገዛ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው። (አሁንም እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽም።) ግን መሬት እንደምትዞር ሁላችንም ተምረናል፤ ስትዞር ቁጭ ብሎ ያየ ስንቱ ነው?

«የሮጥነው እኛ ነን» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳያያት ይመስል፣ የወንበሩን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨበጠች።