ያጠቆርኳቸው ክቦች

ትናንት ማታ ልጄ የሒሳብ መለማመጃ ወረቀት ሲፈልግ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የድሮ ደብተሬን ጎትቶ አወጣ። ገለጥ ገለጥ አደረገና «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። በመስመር የተያያዙ ሳጥኖችና ክቦች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በእስክሪብቶ ድፍን ተደርገው ጠቁረዋል። ከእያንዳንዱ ሥር የሰው ስም አለ። ደብተሩን ከእጁ ነጠቅሁት። ደንግጦ ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም የምለው ጠፋኝ።

ሳጥን ወንድ ነው፣ ክብ ሴት። የጠቆረው እግሩ ያበጠ ሰው ነው። ገና ጀማሪ ነርስ ሳለሁ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ለአንድ የዘረመል ጥናት ናሙና ስሰበስብ ነበር። ምራቅ በቱቦ እቀበላለሁ፣ የስምምነት ቅጽ አስፈርማለሁ፣ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ እሥላለሁ።

በሽታውን እኛ ዝሆኔ እንለዋለን፤ ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ የምታመጣው ዝሆኔ ሌላ ነው። ይሄኛው ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲያርስ የኖረ ሰው የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳው እየገባ እግሩን ያሳብጠዋል። ግን በአንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ካረሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ደህና የሚሆነው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከወላይታ አካባቢ ሰዎች ናሙና ተነሥቶ፣ ተጋላጭነቱ የሰውነትን መከላከያ ከሚመሩ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ትልቅ ግኝት ነው፤ አልክድም። ይሁንና ጂኑ ያለበትም ሰው ከልጅነቱ ጫማ ከተጫማና እግሩን ከታጠበ ከበሽታው ይተርፋል። እኔ ይቺን ነገር መጀመሪያ መናገር ሲገባኝ መጨረሻ ላይ ነበር የምናገራት፣ ያውም ጊዜ ከተረፈኝ።

አንዲት እናት ትዝ ይሉኛል። ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስሥል ጎረቤቱ ሁሉ ከቦኝ ቆሟል። እኔ የምፈልገው ሦስት ትውልድ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ግን የልጃቸው ጋብቻ ስለቀረበ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፣ በእናትም በአባትም፣ አንድ ስም ሳይስቱ። እኔም ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ከዚያ ማጥቆር ጀመርኩ።

«ይቺ የጠቆረችው እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ይቺኛዋስ?»

«እናትዎ።»

«ልጄን ነጭ ተውካት?»

«እሷ እግሯ ደህና ነው አይደል?»

«እስካሁን» አሉ፣ ወደ ጎረቤቶቻቸው ቃኘት አድርገው።

በኋላ እንደሰማሁት ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ተመልሰው አልመጡም። በኔ ምክንያት ነው ብዬ መማል አልችልም፤ በጎጃም ሽማግሌ የሚቀርበት ምክንያት ሞልቷል፣ መሬትም አለ፣ ቂምም አለ። ግን ዘር በሚቆጠርበት አገር፣ ሰው በተሰበሰበበት ግቢ፣ በሽታን በዘር ሐረግ ላይ በጥቁር ቀለም የሣልኩት እኔ ነኝ።

በወላይታ ይህን ቀድመው ያሰቡ ተመራማሪዎች ነበሩ። ለዘረመል ጥናቱ ፈቃድ የሚጠየቅበትን መንገድ ሲያጠኑ ሕዝቡን አነጋገሩ፤ ሰዎቹም ስጋታቸውን ነገሯቸው። «በዘር ነው» የሚለው ቃል የበለጠ ያስገልለናል ብለው ፈርተዋል። ይህን ያነበብኩት ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። ባነብ ኖሮ ቢያንስ ጓዳ ውስጥ ገብቼ በር ዘግቼ እሥል ነበር።

ቅጹም ያሳፍረኛል። «ናሙናው ለወደፊት ምርምር ሊውል ይችላል» የምትል መስመር ነበረች፤ በአንድ ትንፋሽ አንብቤ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አስነክር ነበር። በአሜሪካ አሪዞና የሐቫሱፓይ ጎሣ ሰዎች ለስኳር በሽታ ጥናት ብለው ደም ሰጡ። ደማቸው ሳያውቁት ለአእምሮ ሕመምና ለጥንት ፍልሰት ጥናት ዋለ፤ የፍልሰቱ ነገር ደግሞ ስለ አመጣጣቸው የሚያምኑትን የሚነካ ነበር። ከረጅም ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2010 ደሙን የወሰደው ዩኒቨርሲቲ ለ41 የጎሣው አባላት 700,000 ዶላር ከፈለ፣ የቀረውንም ደም መለሰ። እነሱ ጠበቃ ነበራቸው። የኔዋ እናት የነበራቸው የጣት አሻራ ነው። በዚያች ጣት ደግሞ የራሳቸውን ምራቅ ብቻ አልፈረሙም፤ የልጃቸውን ግማሽ ዘረመል ጨምረው ነው የሰጡት፣ ልጅቷን ማንም ሳይጠይቃት።

ቅጹ ላይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማኅተም ነበረበት፣ ሁሉም ነገር በደንቡ ነው። ቱቦዎቹ በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም። ማኅተሙ ያላየው የኔን ደብተር ነው። ንጹሑን ሥዕል ካስረከብኩ በኋላ ረቂቁን ከነስሙ ይዤው ቤቴ ገባሁ፣ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ይኸው ስንት ዓመት ከልጅ የትምህርት ቤት ወረቀት ጋር ተደባልቆ ኖረ።

ዛሬ ጠዋት ቡና ሲፈላ ገጹን ቀድጄ ወደ ከሰሉ አስጠጋሁት፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። ያን ቀን ልሄድ ስነሣ እኚያ እናት «ሰባት ቤቷን በወረቀት ጻፍልኝ፣ እኔ ስሞት የሚቆጥርላት የለም» ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ረስቼው ቀርቻለሁ።

ንጹሕ ወረቀት አወጣሁና ስሞቹን ብቻ ቀዳሁ፣ የእናት ወገን በአንድ በኩል፣ የአባት ወገን በሌላ በኩል። ሳጥን የለ፣ ክብ የለ። አሮጌውን ከዚያ በኋላ ለከሰሉ ሰጠሁት። ቅዳሜ ወደዚያ የሚሄድ መኪና አላጣም፤ በሕይወት ካሉ ለእሳቸው፣ ከሌሉም ለልጅቷ።