የለንደንን የድብደባ ዘመን ታሪክ በሦስት ዓምድ ማንበብ

በ1940 እ.ኤ.አ. የጀርመን አውሮፕላኖች በለንደን ላይ ስላደረሱት የቦምብ ድብደባ በትረካ መልክ የተጻፈ ታሪክ ሳነብ ደብተር ከጎኔ አይጠፋም። ገጹን ለሦስት እከፍለዋለሁ፦ መሪዎቹ ያደረጉት፣ ነዋሪው የደረሰበት፣ ወሬው ሕዝብ ጆሮ የገባበት ቀን። ሦስተኛው ዓምድ ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ዋናው ጥቅም ያለው ግን እሱ ላይ ነው።

ላንካስትሪያ የተባለችው የብሪታንያ መርከብ ጁን 17 ቀን በፈረንሳይ ሴንት ናዜር ወደብ አጠገብ ሰጠመች፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ወሬው እንዳይወጣ ስላገዱ የብሪታንያ ጋዜጦች ያተሙት በጁላይ መጨረሻ ነው። በመሀል ስላሉት ሳምንታት መጽሐፉ «ሕዝቡ ተረጋግቶ ነበር» ቢል፣ ያልሰማ ሰው ምን ሊያሸብረው?

ንግግሮቹም እንደዚሁ ናቸው። ጁን 4 ቀን ቸርችል በፓርላማ የተናገሩትን ማታ በቢቢሲ ቀንጨብ አድርጎ ያነበበው የዜና አንባቢ ነው። ዛሬ የምንሰማውን ድምፅ ራሳቸው የቀዱት በ1949 ነው። የጁን 18ቱን ግን በዚያው ምሽት በሬዲዮ ደገሙት። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መስመር አልጽፋቸውም።

መጠለያ ላይ ስደርስ ዓምዶቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። መንግሥት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ማደሪያ እንዲሆኑ አልፈለገም። ሰው ግን ርካሽ ትኬት እየቆረጠ ወረደ፣ አልወጣም አለ፤ ባለሥልጣናቱም የማይቀረውን ተቀበሉ። እዚህ መሪው ሕዝቡ፣ ተከታዩ መንግሥት ነው። ፎቶግራፎቹ ግን ያሳስታሉ፤ ለንደን በሙሉ ጣቢያ ውስጥ ያደረ ያስመስላሉ። በኖቬምበር መጀመሪያ በተደረገው ቆጠራ ጣቢያ ውስጥ ያደረው 4 በመቶ ገደማ፣ በሕዝብ መጠለያ 9፣ በየቤቱ በተሠራ መጠለያ 27 በመቶ ነበር። ብዙው ሰው አልጋው ላይ ነው የተኛው። (ይህን ሳላውቅ ባነብ ኖሮ ስለ አልጋ አንድም ቃል ባልጻፍኩ።)

በመጨረሻ የመጽሐፉን የኋላ ማስታወሻዎች እገልጣለሁ። በዚያው ሌሊት የተጻፈ የቀን ማስታወሻ ከሆነ «ቀ»፣ ከዓመታት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ከሆነ «ት» እላለሁ። የቸርችል የግል ጸሐፊ ጆን ኮልቪል የየዕለቱን ይመዘግቡ ስለነበር «ቀ» ናቸው፤ ቸርችል ራሳቸው የጦርነቱን ታሪክ ማሳተም የጀመሩት በ1948 ስለሆነ «ት»። ሁለቱ በአንድ ክስተት ከተለያዩ ስለ ስሜትና ስለ ወሬ «ቀ»ን አምናለሁ፤ ውሳኔው ለምን እንደተወሰነ ግን በዚያ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ የነበረም ላያውቅ ስለሚችል፣ የካቢኔ ቃለ ጉባኤ የተጠቀሰበትን ገጽ እፈልጋለሁ።