እሱንስ ማን ጠየቀው?

ቅዳሜ ማታ ነው። ልጄ ተኝታለች። መሳቢያ ሳስተካክል የድሮዋን የፉድ ስታምፕ ካርዴን አገኘኋት፣ መንግሥት ገቢው ላነሰ ሰው የምግብ መግዣ የሚሞላባትን። የጀርባዋ ጥቁር መስመር ተፋፍቋል። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ይቺ ካርድ «ኢንዲፔንደንስ ካርድ» ነው የምትባለው። የነፃነት ካርድ ማለት ነው። መጀመሪያ በፖስታ የመጣችልኝ ቀን ስሟን አንብቤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በፊት እኔ ካርዱን ከሰው ተቀባይ ነበርኩ። በ2014 በዲቪ መጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ካሸርነት ነው። አንድ ማታ ሁለት ልጆች የያዘች ሴት የተጠበሰ ትኩስ ዶሮ ይዛ ወደኔ መጣች። ፉድ ስታምፕ ትኩስ ምግብ አይገዛም። ጥሬ ዶሮ ይገዛል፣ ለስላሳ መጠጥም ይገዛ ነበር፣ ከምድጃ የወጣውን ግን አይገዛም። «ይሄ በካርዱ አይሆንም» አልኳት። ትንሹ ልጅ ዶሮው ያለበትን ላስቲክ ጭምድድ አድርጎ ይዞ አልለቅም አለ። እናቱ ምንም ሳትናገር ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ያኔ በልቤ ምን እንዳልኩ ዛሬም አልረሳውም። «ጥሬውን ገዝታ ለምን አትሠራላቸውም? ስንፍና ነው እንጂ።»

ሦስት ዓመት እንኳ አልቆየም። በ2017 የልጄ አባት ጥሎን ሄደ። ልጄ ገና ዓመቷን አልደፈነችም። እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አዛውንቶችን አጥባለሁ፣ እገለብጣለሁ፣ አጎርሳለሁ። ከሥራ ወጥቼ፣ ሁለት አውቶቡስ ይዤ፣ ልጄን ከዴይኬር፣ ከሕፃናት ማቆያው፣ አንስቼ ቤት ስገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። ጥሬ ዶሮ ገዝቶ መሥራት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺን ሴት አሁን ባገኛት ይቅርታ እጠይቃት ነበር።

ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ደግ ነበረች። ካርዱ የሚሰላው ለልጄ ብቻ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ልጄ እዚህ ስለተወለደች ዜጋ ናት። እኔ ግን ግሪን ካርዴ አምስት ዓመት ስላልሞላው አይገባኝም።  ይህ ደንብ ከየት መጣ ብዬ በኋላ አነበብኩ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ኦገስት 22፣ 1996 የፈረሙት ሕግ ነው። ስሙ ራሱ የሚጀምረው «የግል ኃላፊነት» ብሎ ነው። ቀኑን ወደኛ ስመልሰው ነሐሴ 16፣ 1988 ሆነ። የፍልሰታ ዕለት! እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ጓሮ ጾም መፍቻውን እስክታወጣ እየተቁነጠነጥኩ። በዚያው ቀን አንድ ሰው ሌላ አገር ተቀምጦ ስለኔ ኃላፊነት ፈረመ።

ኃላፊነት የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ ሰማሁት። ቤተ ክርስቲያን አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ ጎተት አደረጉኝና «አንቺ ልጅ፣ ከመውለድሽ በፊት አላሰብሽም እንዴ? የመንግሥት እጅ እያየሽ ልትኖሪ ነው?» አሉኝ። «እውነትዎን ነው እማማ» ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውሎ «እዚያ አገር ሥራ የጠፋበት ሰው አለ እንዴ?» ይለኛል። እየሠራሁ ነው። የሚደውልበት ሰዓት ራሱ የምሳ እረፍቴ ነው!

የኔ ድርሻ የለም አልልም። ማታ ማታ እማር የነበረውን የነርሲንግ ትምህርት የልጄ አባት አያስፈልግሽም ስላለኝ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሌላም አለ። አንድ ጊዜ ሱፐርቫይዘሬ ሙሉ ሰዓት ልትሰጠኝ ጠየቀችኝ። ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ፣ ቀነስኩ። ደሞዜ በወር 400 ዶላር ገደማ ይጨምራል። ገቢዬ ከተወሰነው መጠን ስለሚያልፍ ግን መንግሥት ለዴይኬሩ የሚከፍልልኝ ድጋፍ ይቆማል። ዴይኬሩ ደግሞ በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። «አልችልም» አልኳት። ምክንያቱን ለመናገር አፈርኩ። ሰነፍ እንዳስመሰለኝ አውቃለሁ። ሰው ጥገኛ ሆነች የሚለው ይሄንን ከሆነ፣ አዎ፣ ሆኛለሁ። ግን ያን ወረቀት አይቶ ሌላ መልስ የሚያመጣ ሰው ካለ ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ያወጣኝ ጥንካሬዬ አይደለም። ልጄ አምስት ዓመት ሞላት። በ2021 መዋዕለ ሕፃናት ገባች፣ በነፃ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤት። የዴይኬሩ ሂሳብ በአንድ ጊዜ ቀረ። ሙሉ ሰዓት ያዝኩ፣ ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ፣ ካርዷ በራሷ ጊዜ ተዘጋች። ሰዎች «ጎበዝ፣ ራስሽን ቻልሽ» አሉኝ። እኔ እኮ ያው ነኝ። የበፊቷም ያችው ነበረች።

አንድ ነገር ግን እስከዛሬ ይከነክነኛል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰው እኔን ጠየቀ። እናቶች ጠየቁኝ፣ ዘመድ ጠየቀኝ፣ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው የደሞዝ ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የመብራት ደረሰኝ አምጪ አለኝ። እሱን፣ የልጄን አባት፣ ማንም ሲጠይቀው አልሰማሁም። በያንዳንዱ ክብረ በዓል ነጠላውን አጣፍቶ ይመጣል፣ ሰላም ይሉታል። ለልጄ ማሳደጊያ ተቆራጭ ልጠይቅ ስል ሽማግሌዎች መጡ። «ፍርድ ቤት ምን ያደርግልሻል፣ የአገርሽ ልጅ ነው፣ አታዋርጂው» አሉ። ይሉኝታ ያዘኝና ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ከሁሉም በላይ የምቆጭበት ጥፋቴ ያ ዝምታ ነው። የልጄን ገንዘብ ለሱ ክብር ሰጠሁት። በመጨረሻ አመለከትኩ፣ አሁን ከደሞዙ በቀጥታ ይቆረጣል። ሽማግሌዎቹ ለጊዜው አኮረፉኝ።

ዛሬ ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄን ይዤ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ አንዲት ወጣት አለች። የአገሬ ልጅ መሆኗን ከአንገቷ ማተብ አወቅሁ። የልጅ ጋሪ ይዛለች። ለመክፈል ስትደርስ ወደኋላ ገልመጥ አድርጋ አየችን፣ ከዚያ ካርዷን በመዳፏ ሸፍና በማሽኑ አሳለፈች። እጄ ያንን እንቅስቃሴ ያውቀዋል። አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩና ጎንበስ ብዬ የልጄን የጫማ ክር ማሰር ጀመርኩ።

«እማ፣ ታስሯል እኮ» አለችኝ።

ፈታሁትና እንደገና አሰርኩት።