ጌቲስበርግ፦ ከጄኔራሎቹ ሐውልት ጀርባ

ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ፔንስልቬንያ ያለችው ጌቲስበርግ ለመድረስ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውጊያ የተካሄደበት ሜዳ በመድፍና በጄኔራሎች ሐውልት ተሞልቷል። እኔ የሄድኩት ግን የከተማውን ሰው ታሪክ ፍለጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1863 እዚህ ይኖር የነበረው 2,400 ያህል ሰው ነው። ጁን 26 ባርነትን ለማስቀጠል የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጦር ገባና ዱቄት፣ ሥጋ፣ ጫማ፣ ገንዘብ አምጡ አለ። ነጋዴው ዕቃውን ቀድሞ ስላሸሸ ብዙም ሳያገኝ ወጣ። ጁላይ 1 ግን ውጊያው ራሱ መጣ። የሰሜኑ፣ ማለትም የፌዴራል መንግሥቱ ጦር በየመንገዱ እየተታኮሰ ሲያፈገፍግ ሕዝቡ ምድር ቤት ተደበቀ።

ጄኒ ዌድ የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። አራስ እህቷ ቤት ሆና ለወታደሮች ሊጥ ስታቦካ፣ ጥይት ሁለት በር በስቶ ገደላት። በውጊያው በቀጥታ የሞተች ብቸኛዋ የከተማው ነዋሪ እሷ ናት። ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፤ በሩ ላይ ያለው ቀዳዳ አልተደፈነም።

እኔን ይበልጥ ያስቆመችኝ ግን ሜዳው ዳር ያለች ትንሽ ነጭ ቤት ናት። ባለቤቷ አብርሃም ብራያን ነጻ ጥቁር ገበሬ ነበር። ለነጭ ጎረቤቶቹ ወረራ ማለት እህልና ከብት ማጣት ነው። ለእሱ ግን ተይዞ ለባርነት መነዳት ነበር። በጄኔራል ሊ የሚመራው የደቡቡ ጦር ፔንስልቬንያ ሲገባ ጥቁሮችን፣ ነጻ ሆነው የተወለዱትን ሳይቀር፣ እያፈሰ ወደ ደቡብ ወስዷል። ብራያን ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ሲመለስ ሰብሉ ተረጋግጧል፣ አጥሩ ፈርሷል፣ ቤቱ በጥይት ተበሳስቷል። ከ1,000 ዶላር በላይ ካሳ ጠየቀ። የተሰጠው 15 ዶላር ነው። በጣም ያበሳጫል! ጎብኚው ደግሞ ለቤቷ ጀርባውን ሰጥቶ የደቡቡ ጄኔራል ፒኬት ጦሩን የማገደበትን ሜዳ ፎቶ ያነሳል።

ጦሩ ከሄደ በኋላ የመጣው መከራም ቀላል አልነበረም። ከ20,000 በላይ ቁስለኛ ለዚያች ትንሽ ከተማ ቀረ። ቤተክርስቲያኑም ትምህርት ቤቱም ሆስፒታል ሆነ። የመቃብር ጠባቂው ዘምቶ ስለነበር፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ኤልዛቤት ቶርን በዚያ ሙቀት መቶ ገደማ ሬሳ አስቀበረች፤ ጉድጓድም ራሷ ቆፍራለች። ሐውልት የቆመላት በ2002 ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንከን በኖቬምበር ንግግር ወዳደረገበት መቃብር የሰሜኑን ሙታን አውጥተው ያዛወሩት ቤዝል ቢግስና አብረውት የሠሩ ጥቁሮች ናቸው። ቢግስም ከወረራው ሸሽቶ የተመለሰ ገበሬ ነው። እሱ ራሱ ያረፈው ግን እዚያ ሳይሆን በከተማው የጥቁሮች መቃብር፣ በሊንከን ሴሜተሪ ነው። ከሄዳችሁ እዚያም ጎራ በሉ።